ከብ ካዴት 122፦ ብልጭታ የለውም፣ ጥቅምት ላይ ግን ማረስ አለበት

ዳዶና_ቡሎን፦

ሰላም ለቤቱ። ስለ ሣር ማጨጃ በተከፈተው የውይይት ክር ላይ አሮጌ ትራክተር መግዛቴን ሳነሳ ብዙዎቻችሁ ዝርዝሩን ጠይቃችሁኝ ነበር። የሰው ክር እንዳላበላሽ ለብቻው ከፈትኩት።

ማሽኑ ከብ ካዴት 122 ነው፤ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በፈረንጅ ከ1965 እስከ 1967 ሉዊቪል፣ ኬንተኪ ያመረተው። ሞተሩ ኮለር ኬ301፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 12 የፈረስ ጉልበት። ሦስት የፊት ማርሽና አንድ የኋላ አለው። ዛሬ ሱቅ ከተደረደሩት የሚለየው ለመንዳት ቺንጋ የማይፈልግ መሆኑ ነው። ጉልበቱ ከቮላኖ (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ የብረት ክብ) ተነስቶ በፍሪሲዮንና በብረት ዘንግ በኩል ቀጥታ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ይገባል። ካምቢዮውን ደግሞ የወረሰው ከፋርማል ከብ፣ ማለትም ከደህና የእርሻ ትራክተር ነው። እንዲህ ያለ ብረት ሣር ሲያጭድ ኖሮ ጋራዥ ጥግ መጣሉ ያናድዳል።

ያለበት ሁኔታ፦ ሞተሩ አልነከሰም፣ በእጅ ሲዞር ይዞራል። ብልጭታ የለም። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደርቆ ቡናማ ሙጫ ሆኗል። መሪው በጣም ይላላል። ኮፈኑ ላይ ቢጫው ቀለም በየቦታው ለቋል፣ መቀመጫው ተቀዷል።

ሐሳባችን ይህ ነው። አንድ ወዳጃችን ከሜሪላንድ ወሰን አለፍ ብሎ ፔንሲልቬንያ ውስጥ መሬት አለው፤ ሣር የበላው ቦታ። ጥቅምት ላይ ሁላችንም የየራሳችንን ትናንሽ ትራክተር ጭነን ሄደን በደቦ ልናርስለት ነው። አንዱ ጆን ዲር 140 አለው፣ ሌላው ዊል ሆርስ። ምግቡና ቡናው የባለመሬቱ።

ቀለም ልቀባው ወይስ እንዳለ ልተወው? ስንት ኢንች ማረሻ ይጎትታል? ብልጭታውንስ ከየት ልጀምር?

ቴስታታ፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ፣ ደህና ዕቃ ነው ያገኘኸው። እኔ ሶማሌ ተራ ነው ሙያውን የለመድኩት፤ አሁን ኮለምበስ ነኝ። እዚህ ኦሃዮ እነዚህ ማሽኖች በየጎተራው አሉ።

ቀለሙን እርሳው። መጀመሪያ ፑንቲናውን እይ፤ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው ማብሪያ ማለቴ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቮላኖ ማውለቅ አያስፈልግም፤ ፑንቲናው ከብሎኩ ጎን በትንሽ ክዳን ሥር ነው ያለው። ከካምሻፍቱ የሚመጣ ቀጭን ዘንግ ነው የሚገፋው። ለረጅም ጊዜ የቆመ ፑንቲና ፊቱ ላይ በዓይን የማይታይ ዝገት ይይዛል፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ አድርገው፣ ከዚያ ንጹሕ ካርቶን በመሐሉ ጎትት። ክፍተቱን 0.020 ኢንች አድርገው፤ በእኛ ግማሽ ሚሊ ማለት ነው። ካንዴላው 0.035 ኢንች። ቮላኖው ላይ ኤስ የሚል ምልክት አለ፣ በማያ ቀዳዳው ስታየው ፑንቲናው መከፈት የሚጀምረው ልክ እዚያ ላይ መሆን አለበት። አምፖል አስረህ ብታየው ይሻላል፣ ዓይን ያታልላል።

አሁንም ብልጭታ ከሌለ ለካንዴላው ከፍተኛውን ቮልት ወደሚሰጠው ቦቢና ሂድ።

ሌላው፣ ቺንጋ የለውም ያልከው ለመንዳት ነው። ከፊት ለፊት አንዲት ቺንጋ አለችህ፤ እሷን ካየኻት ሞተሪኖውና ዲናሞው አንድ ዕቃ መሆናቸውን ታገኛለህ። ስታስነሳ ሞተሪኖ ይሆናል፣ ሞተሩ ሲነሳ ዞሮ ባትሪ ይሞላል። ፈተህ ከመለስከው ወይም ሬጉሌተሩን (የባትሪ አሞላሉን የሚቆጣጠረውን) ከቀየርክ፣ ባትሪውን በትክክል እንዲሞላ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ በሬጉሌተሩ ላይ የባትሪውንና የጄኔሬተሩን ጫፍ በሽቦ ለአፍታ ማገናኘት አለብህ። ለአፍታ ነው ያልኩት፣ ጭረት አድርገህ ማንሳት። ይህን ስለማያውቁ ስንቶች ደህና ዲናሞ አውጥተው ጥለዋል።

ከማስነሳትህ በፊት ደግሞ ሲሊንደሩን የሸፈነውን ቆርቆሮ ፍታ። በእርግጠኝነት አይጥ አለበት።

ዳዶና_ቡሎን፦

@ቴስታታ ተባረክ። አይጡስ አልነበረም፣ ቤቱ ግን ነበረ። የሲሊንደሩ ክንፎች መሐል ደረቅ ሣር፣ የመቀመጫው ስፖንጅ፣ የዋልነት ቅርፊት፣ የሆነ ሰው ጓንት ጣት። መቀመጫው ለምን እንደተቀደደም ገባኝ። በካቻቪቴና በጥርስ ብሩሽ ክንፍ በክንፍ ጠረግኩት። እንደዚያው አስነስቼው ቢሆን አየር ስለማይገባው ሞተሩ ራሱን ያቃጥል ነበር።

ፑንቲናው ልክ እንዳልከው ነው። አጽድቼ ክፍተቱን ሳስተካክል ካንዴላው ሰማያዊ ብልጭታ ሰጠ። ካርቡራተሩን ነገ እከፍታለሁ።

የአሰላ_ልጅ፦

ስለ ቀለሙ እኔ ልናገር። ቀባው! ቢጫና ነጭ ነው የፋብሪካው ቀለም፣ ዛሬም በቆርቆሮ ይሸጣል። ዝገት እንደ "ታሪክ" የሚቆጠርበት ፋሽን አይገባኝም። ዝገት ዝገት ነው፣ ብረት እየበላ ነው። እዚህ ሚኔሶታ ክረምት ላይ ጋራዥ ውስጥ ሌላ ሥራ የለኝም፣ አንድ አሊስ ቻልመርስ ቢ-10 ከነብርቱካን ቀለሙ አዲስ አድርጌዋለሁ። ሰው መንገድ ላይ አቁሞ ነው የሚያየው።

ቴስታታ፦

@የአሰላ_ልጅ እና ስንት ትልም አርሷል ያ ብርቱካን?

የአሰላ_ልጅ፦

@ቴስታታ ሰልፍ ላይ ወጥቷል 😄

ቴስታታ፦

በቃ መልሱን አገኘን። ወንድሜ ዳዶ፣ ቀለም የቀባኸውን ማሽን ጭቃ ውስጥ ለማስገባት ሆድህ እሺ አይልም። መጀመሪያ ይሥራ፣ ይረስበት፣ የሚፈሰው ይፍሰስ፣ የሚሰበረው ይሰበር። ከዚያ ፈተህ ስትጠግን አብረህ ትቀባዋለህ። ቀብቶ ከጨረሰ በኋላ በጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ ማሸጊያ) በኩል ዘይት ሲንጠባጠብበት ያለቀሰ ሰው አውቃለሁ።

ጓሮ_አትክልት፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አትጣሉ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ምን ልትዘሩበት ነው? ከማሽኑ ይልቅ መሬቱ ያሳስበኛል።

ዳዶና_ቡሎን፦

@ጓሮ_አትክልት እትዬ፣ ባለመሬቱ ነጭ ሽንኩርት ይላል፣ ሚስቱ ጎመንና ድንች ትላለች። በሶብላም ታስቦ ነበር።

ጓሮ_አትክልት፦

እንግዲያው ስሙኝ። ነጭ ሽንኩርት በዚያ አካባቢ የሚተከለው ኦክቶበር ውስጥ ነው፣ ክረምቱን መሬት ውስጥ አድሮ በጋ መግቢያ ላይ ይነቀላል። ግን ዛሬ ከተገለበጠ ሣር ላይ ነገ ሽንኩርት አትትከሉ። የተቀበረው ሣር እስኪበሰብስ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሥሩም መልሶ ይወጣባችኋል። ለሽንኩርቱ ባለመሬቱ ድሮ የሚያለማው መደብ ካለው እዚያ ይትከል። አዲሱን እርሻ እንደታረሰ ጓል ጓሉን ትታችሁት ብትሄዱ በረዶውና ሙቀቱ እየተፈራረቁ ራሳቸው ያደቁላችኋል። በጸደይ ድንቹንና ጎመኑን አስገቡ። በሶብላ ብርድ አይችልም፣ ውርጭ ካለፈ በኋላ።

አፈሩንም አስመርምሩ፤ የየክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን በርካሽ ይሠራላችኋል። ደግሞ እርጥብ መሬት እንዳታርሱ። አንድ ዕፍኝ ዘግናችሁ ጨብጡት፣ በአውራ ጣት ነካ ስታደርጉት ከተፈረከሰ ግቡ። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተመለሱ። እርጥብ ሲገለበጥ ጡብ ነው የሚሆነው፣ ያንን ደግሞ በረዶውም በቀላሉ አይፈታውም።

አባ_ሞፈር፦

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። እኔ ጎጃም በበሬ አርሼ ነው ያደግኩት፣ አሁን ልጆቼ ዘንድ ዴንቨር ነው ያለሁት። አንድ ነገር አልገባኝም። የኛ ማረሻ መሬቱን ይሰነጥቃል፣ ድግሩ ግራና ቀኝ ይገፋዋል፤ ይገለብጠዋል ግን አይባልም። ለጤፍ ከሆነ አንድ ጊዜ አርሰህ ትጀምራለህ፣ ከዚያ እያቋረጥክ ደጋግመህ ነው የምታርስ። እናንተ የምትሉት ማረሻ በአንድ ጊዜ ገልብጦ ከጨረሰ፣ ድግግሞሹ ቀረ ማለት ነው?

የአሰላ_ልጅ፦

@አባ_ሞፈር አባቴ፣ ጥሩ ጠየቁ። የነሱ ማረሻ ጠምዛዛ ክንፍ አለው፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚጥለው። ስለቱ ከሥር ይቆርጣል፣ ክንፉ አንስቶ ይገለብጣል፣ ሣሩ ከሥር ይቀበራል። ከኛ በተለየ ትልሙ ላይ እያቋረጡ አያርሱም። በኋላ ግን ጓሉን በዲስክ (በተደረደሩ ክብ ምላጮች) ወይም በመዳመጫ መሰባበር አለ፣ ስለዚህ ድግግሞሹ መልኩን ቀየረ እንጂ ጨርሶ አልቀረም። የኛው ማረሻ ደግሞ የራሱ ብልሃት አለው፤ ድንጋያማና ተዳፋት ላይ፣ ሁለት በሬ በሚስበው ጉልበት፣ አንድ ሰው ተሸክሞት በሚሄደው ክብደት የሚሠራ።

ትራክተርን በተመለከተ እኔ ያደግኩበት አገር ሌላ ትዝታ ነው ያለው። አርሲ ውስጥ ጭላሎ ላይ ካዱ የሚባለው የስዊድን የግብርና ልማት ፕሮጀክት በ1967 በፈረንጅ ሲጀመር ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ለትንሹ ገበሬ ነበር የታሰበው። ምርቱ አዋጪ ሲሆን ባለርስቱ ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን አስወጣ። እኛ ቤት "ትራክተር" ሲባል ሽማግሌዎች ዝም ይሉ ነበር። በደርግ ጊዜ ደግሞ የመንግሥት እርሻ ላይ ቤላሩስ የሚባለው የሶቪየት ትራክተር በየሜዳው ቆሞ ይታይ ነበር፣ ብዙው በመለዋወጫ እጦት። ለዚህ ነው ይህችን ትንሽ ነገር የምወዳት፤ ማንንም አታፈናቅልም፣ መለዋወጫዋም በፖስታ ይመጣል።

የሞሻቩ፦

ከእስራኤል ሰላም። እዚህ ዓይን ቨሬድ የሚባል ሞሻቭ (የገበሬዎች የኅብረት መንደር) ውስጥ የአሮጌ ትራክተሮች ሙዚየም አለ፤ የምትመጡ ካላችሁ እንዳታልፉት። የጓሮ ትራክተር ግን እንደናንተ አገር አይገኝም፣ ቀናሁ።

ቴስታታ፦

ወደ ማረሻው እንመለስ። ለ12 የፈረስ ጉልበት ባለ 10 ኢንች ማረሻ ልኩ ነው፣ ብሪንሊ የሚባለውን ፈልግ። አሮጌ ገበያ ላይ ሞልቷል። ባለ 12 ኢንቹም ይጎተታል፣ መሬቱ ለስላሳ ከሆነ። ሣር ላይ ልትገባ ስለሆነ ግን ከፊቱ የሚሽከረከረው ክብ ቆራጭ ያለበትን ግዛ። ያለ እሱ ሣሩ ይተበተብብሃል።

ስትገጥም ይህን አድርግ፣ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድንሃል። ስታርስ የቀኝ ጎማህ ትልም ውስጥ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ትራክተሩ ያዘነብላል፤ ማረሻው ግን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ሲሚንቶ ወለል ላይ አቁመው፣ ለማረስ ያሰብከው ጥልቀት 6 ኢንች ከሆነ የግራ ጎማዎቹን ሥር 6 ኢንች ጣውላ አስገባ። ትራክተሩ ልክ እርሻ ላይ እንዳለ ያዘነብላል። አሁን ማረሻውን ወለሉ ላይ አውርደህ ቀጥ እስኪል አስተካክል፣ ቡሎኖቹን አጥብቅ። ማሳው ላይ የሚቀርህ ጥቂት ነው። ክብ ቆራጩን ደግሞ ከማረሻው ጫፍ ግማሽ ኢንች ያህል ወደ ግራ፣ ወዳልታረሰው በኩል አውጣው፤ የትልሙ ግድግዳ ንጹሕ ሆኖ ይቆማል።

የመጀመሪያው ትልም ግን ሁለቱም ጎማ ሜዳ ላይ ስለሆነ ልኩ ይዛባል። አስቀድመህ ጥልቀቱን ቀንሰህ ክፈት፣ በሁለተኛው ዙር ሙሉውን አውርድ።

የአሰላ_ልጅ፦

ክብደትም አትርሳ። የግራ ጎማ ሣር ላይ ነው፣ መጀመሪያ የሚሽከረከረው እሱ ነው። የብረት ክብደት ቸርኬው ላይ ይታሰራል፣ ወይም ጎማው ውስጥ ፈሳሽ ይሞላል። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው ጨው ቸርኬ ይበላል፣ አትሞክረው። እዚህ የኛ ሰፈር ሰዎች ስኳር ከሚሠራበት የቀይ ሥር ዘመድ የሚወጣ ፈሳሽ ተረፈ ምርት ይሞላሉ፤ በቀላሉ በረዶ አይሆንም፣ ከውኃ በሲሶ ገደማ ይከብዳል። ርካሹ የመኪና መስታወት ማጠቢያ ነው። ጎማው ራሱ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ የእርሻ ጎማ ይሁን፣ የሣር ጎማ ይንሸራተታል።

ዳዶና_ቡሎን፦

ዜና! ሞተሩ ተነሳ። ካርቡራተሩን ነክሬ፣ ቀዳዳዎቹን በአየር ነፍቼ፣ ተንሳፋፊውን አስተካክዬ መለስኩት። ማርሚታው መጀመሪያ ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ ዝገት፣ ከዚያ ንጹሕ። ከዚህ በኋላ ኤታኖል የሌለው ቤንዚን ነው የምሰጠው፣ በተለይ ለማቆያ።

ማረሻም ገዛሁ፣ ባለ 10 ኢንች። ሻጩ አዲስ አስመስሎ ክንፉን ሳይቀር ጥቁር ቀለም ቀብቶታል።

ቴስታታ፦

ክንፉን??? ያንን ቀለም ከአሁኑ አንሳ። አፈር የሚንሸራተተው የተወለወለ ብረት ላይ ነው። ቀለም ወይም ዝገት ላይ ይጣበቃል፣ ተጣብቆ ይከመራል፣ ከዚያ ማረሻው መግፋት እንጂ መገልበጥ አይችልም። በመፍጫ ላይ የሚታሰር የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ፣ ከዚያ እየደቀቀ የሚሄድ፣ ፊትህን እስኪያሳይ። ስትጨርስ ግራሶ ቀባው፣ አለዚያ ለሊቱን ይዝጋል።

ዳዶና_ቡሎን፦

@ቴስታታ ቀለሙ ሥር ደግሞ ጉድጓድ ጉድጓድ ዝገት ነበረ። በኤሌክትሮሊሲስ (ውኃ ውስጥ ነክሮ በኤሌክትሪክ ዝገት በማስለቀቅ) ልሞክር ነው። የሞከረ አለ?

የአሰላ_ልጅ፦

እኔ። ፕላስቲክ በርሜል፣ ውኃ፣ የልብስ ሶዳ። የባትሪ መሙያው ኔጌቲቭ የዛገው ዕቃ ላይ፣ ፖዘቲቩ ሊበላ የሚችል ተራ ብረት ላይ። ሁለቱ እንዳይነካኩ። ፖዘቲቩ ላይ ስቴይንለስ እንዳትጠቀም፣ ውኃውን የሚመርዝ ክሮሚየም ይለቃል። የሚፈላው አረፋ ሃይድሮጅን ስለሆነ ደጅ አድርገው፣ ሲጋራ የሚያጨስ ጎረቤትም አታስጠጋ። ጥሩነቱ ዝገቱን እንጂ ደህናውን ብረት አይነካም። ጉድጓዱን ግን አይሞላልህም፣ እሱን ወልውለህ ነው።

ጓሮ_አትክልት፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ስላላነሳው። ከመቆፈራችሁ ጥቂት ቀን አስቀድማችሁ 811 ደውሉ፣ ነፃ ነው። የጋዝና የመብራት መስመር ያለበትን መጥተው ምልክት ያደርጉላችኋል። ስድስት ኢንች ምን ያመጣል አትበሉ፣ አሮጌ ቤት አጠገብ ማን ምን እንደቀበረ አይታወቅም።

ዳዶና_ቡሎን፦

አረስን። 🙌

መሬቱ ደረቅ ነበር፣ የእትዬን የዕፍኝ ፈተና አልፏል። ጆን ዲሩ ሃይድሮስታቲክ (በማርሽ ፋንታ በዘይት ግፊት የሚነዳ) ስለሆነ ፍጥነቱን በምላጭ እንደሚቆርጥ ያስተካክላል፣ እኛ ማርሽ ያለን ግን አንዴ ከያዝን ይዘን ነው የምንሄደው። ሁለተኛ ማርሽ ይሮጣል፣ አፈሩን ይበትነዋል፤ አንደኛ ላይ ጋዙን ከፍ አድርጎ ረጋ ብሎ መሄድ ነው የሠራው።

ክንፉ እስኪለምድ የመጀመሪያዎቹ ትልሞች ላይ አፈሩ ትንሽ ትንሽ ይይዝ ነበር። ወርጄ በእንጨት እየጠረግኩ ቀጠልኩ። ሦስተኛው ትልም አካባቢ ድምፁ ተለወጠ፤ ሹ ማለት ጀመረ፣ አፈሩ አንድ ወጥ ሪባን ሆኖ ተነስቶ ዞሮ ተኛ። ሣሩ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ዞር ብዬ ሳይ ትል የሚለቅሙ ወፎች ትልሙ ውስጥ ተከትለውኛል።

ዊል ሆርሱ የግራ ጎማው ተሽከረከረ፣ የቸርኬ ክብደት ስላልነበረው። ከጆን ዲሩ አንድ አንድ ተበድረን አሰርንለት፣ ሄደ። አባ ሞፈር እንዳሉት በሬ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ቡሎን አያስፈልግም ነበር።

መሐል ላይ ግን ሁለት ትልሞች ወደ ተቃራኒ ወገን ተገልብጠው አንድ ጥልቅ ቦይ ቀረን። ይህን ምን እናድርገው?

ቴስታታ፦

ያ ሁሌም ይቀራል። ማረሻው ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚጥል፣ ከዳር እየዞራችሁ ስትገቡ መሐሉ ባዶ ይቀራል፤ ከመሐል ጀምራችሁ ስትወጡ ደግሞ መሐሉ ይቆለላል። በሚቀጥለው ዓመት ተገልብጣችሁ ጀምሩ፣ የዘንድሮው ቦይ ላይ ቆልሉ። ለአሁኑ ማረሻውን ቀለል አድርጋችሁ ከሁለቱም ጠርዝ አንድ አንድ ትልም ወደ ውስጥ መልሱበት።

ሌላ ጥያቄ፦ ስታርስ ከፍሪሲዮኑ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው?

ዳዶና_ቡሎን፦

@ቴስታታ አዎ! ጫና ሲበዛ። እንዴት አወቅህ?

ቴስታታ፦

የዘንጉ መጋጠሚያ ላይ ያሉት ፒኖች ናቸው። ቀዳዳቸው ከዓመታት ብዛት ክብነቱን ትቶ ሞላላ ይሆናል፣ በዚያ ነው የሚያጨበጭበው። ክረምቱን ዘንጉን አውጣው፤ ቀዳዳውን አስፍቶ ወፍራም ፒን ማስገባት ወይም ዘንጉን መቀየር ነው። ከፈታኸው አይቀር የፍሪሲዮኑን ሸራም እይ። የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ሞተሩንም ከከፈትክ፣ አንዳንድ ኬ301 ውስጥ ንዝረት የሚቀንሱ ሁለት ማርሾች አሉ። ካሉ አውጣቸው፤ ሲላሉ ተሰብረው ብሎኩን ይበሳሉ። ትንሽ ይንቀጠቀጥብሃል፣ ብሎክህ ግን ይተርፋል።

የአሰላ_ልጅ፦

ዘንጉን ካወጣህ ማሽኑ ተፈታ ማለት ነው። ከተፈታ ደግሞ ቀለም መቀባት ይቻላል ማለት ነው። 😏

አባ_ሞፈር፦

ፎቶውን አየሁት። ትልሙ ትንሽ ይጣመማል እንጂ ጥልቀቱ ደህና ነው። በሚቀጥለው ከማዶ ያለ ዛፍ ዒላማ ያዙ፣ ጎማ ጎማውን አትዩ።

ዳዶና_ቡሎን፦

እሺ አባባ፣ ዛፉን ይዣለሁ። በጸደይ ጓሉን የምንሰባብርበት ትንሽ ዲስክ ያለው ሰው አለ? ለዚህ ትራክተር የሚሆን፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ብትሆኑ መጥቼ እወስዳለሁ።

ጓሮ_አትክልት፦

እኛ ጋራዥ ውስጥ አለ፣ ባለቤቴ ገዝቶት ያልተጠቀመበት። ከትራክተሩ ጋር የሚያያዝበት ፒን የለውም፣ ሁለቱ ምላጭም ተጣሟል። የውስጥ መልእክት ላክልኝ፣ ከድንቹ ግን ድርሻ አለኝ።